ሠላሳ አንደኛው ሲዲ

«አደይ፣ ሲዲ እኮ ከሞተ ቆየ!»

ረዘነ ፍንጭቱ እስኪታይ ሳቀ…

መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር ውስጥ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችው። ገና ሃያ አራት ዓመቱ ነው።

ፊት ለፊቱ የቆሙት፣ ሰፈሩ በትግርኛ «አደይ»፣ እናቴ እያለ የሚጠራቸው የትምወርቅ ሰባን ተሻግረዋል። ወሎ ተወልደው፣ መቐለ ተድረው የቀሩ ሴት ናቸው። በነጠላ የተጠቀለለ አሮጌ ላፕቶፕ ታቅፈው «ያለውን ሁሉ ወደ ሲዲ ቅዳልኝ» ብለውት ነው እንዲህ የሳቀባቸው።

አደይ አልተቀየሙም። ፊቱን ትክ ብለው አዩት…

«ተወው፣ አንተ አትቅዳው። አስተምረኝና በእጄ እቀዳዋለሁ።»

«ኧረ ፍላሽ ላይ በአምስት ደቂቃ ልጨርስልዎት!»

«ፍላሽማ ነበረኝ። የወንድሜ ልጅ አጥፍቶ ዘፈን ሞላበት። ሲዲ ግን አንዴ ከተጻፈበት ማን ያጠፋዋል?»

ባለቤታቸው ነፍሱን ይማረውና የሰፈሩ ፎቶ አንሺ ነበር። የስንቱ ሠርግ፣ የስንቱ ክርስትና እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ሲሞት «የሰው ፎቶ አደራ ነው፤ ለየባለቤቱ አድርሺ» ብሏቸዋል።

ላፕቶፑ ሲከፈት እንደ ወፍጮ ጮኸ። ረዘነ ብዙ ዕድሜ እንደሌለው ወዲያው ገባው።

ጠጋ ሲል አደይ ላፕቶፑን ወደ ግድግዳው አዞሩት። «አትይ! የሰው ገመና ነው።»

ምን ያድርግ? በራሱ ኮምፒውተር እያሳየ ያስተምራቸው ጀመር።

«ባዶውን ሲዲ ያስገቡ… ፎልደሩን ኮፒ… ሲዲው ላይ ፔስት… ከዚያ «Burn» የሚለውን ይጫኑ፤ ያኔ ሲዲው ላይ ይጻፋል። እስኪጨርስ እንዳይነኩት!»

አደይ እያንዳንዷን ቃል ደብተር ላይ ይጽፋሉ።

በማግስቱ ላፕቶፑንና አምስት ሲዲ ይዘው እያለከለኩ መጡ። «በእኔ ላፕቶፕ ይከፈታል፣ ጎረቤት ወስጄ ብሞክረው ግን ባዶ ነው!»

ረዘነ አንዱን ከፍቶ ጭንቅላቱን ያዘ።

«አደይ… የቀዱት ፎቶውን አይደለም፤ ሾርትከቱን ነው። ይቺ ምልክት ፎቶው የት እንዳለ ትጠቁማለች እንጂ ፎቶ የላትም።»

«ወይ ጉዴ! ለሰው አድራሻ ሰጥቼ ቤቱን እኔው ጋ አስቀርቻለኋ!»

«አምስቱም ተበላሹ።»

«አይበላሹም። በረንዳዬ ላይ ሰቅዬ ርግብ አባርርባቸዋለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። እንደገና እየቀዱ ሲዲው ተቀድቶ እስኪያልቅ ሲጠብቁ አደይ ድንገት ጠየቁት።

«እናትህ ማን ትባላለች?»

«ፍሬወይኒ… ሞታለች። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።»

«ፎቶዋስ?»

«በዚያ ክፉ ጊዜ ከቤት ስንወጣ አልበሙ ቀረ። ስንመለስ እንኳን አልበሙ፣ ቁምሳጥኑም የለም። እውነቱን ልንገርዎት አደይ… መልኳ ጠፍቶብኛል።»

አደይ ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ።

በሦስተኛው ቀን ሱቁ በሰው ተጨናንቋል። አደይ «ከፔስት በኋላ ምኑን ልጫን?» ብለው ያንኑ ጥያቄ ለአራተኛ ጊዜ ጠየቁት።

«አደይ፣ ይኼ ትምህርት ቤት አይደለም! ላፕቶፑን ይተዉልኝ ስል እምቢ አሉ፤ ታዲያ ምን ላድርግዎት?»

ደንበኞቹ ሁሉ ዞረው አዩዋቸው…

አደይ ደብተራቸውን አጠፉ። ላፕቶፑን በነጠላቸው ጠቀለሉ።

«እውነትህን ነው ልጄ፤ ሥራ አስፈታሁህ።»

ወጡ።

አይ ረዘነ! በማግስቱ ዓይኑ ከበሩ ላይ አልነቀል አለ። አልመጡም። በሳምንቱም አልመጡም።

ያ ላፕቶፕ አንዱን ቀን ጸጥ ቢልስ? የዚያ ሁሉ ሰው ፎቶ በእሱ ቁጣ ቢጠፋስ?

አላስችል ቢለው በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘግቶ፣ አንድ እሽግ ባዶ ሲዲ ገዝቶ፣ ቤታቸውን እያጠያየቀ ሄደ። በረንዳው ላይ አምስት ሲዲዎች ተንጠልጥለው ሲያብረቀርቁ ሲያይ ቤቱን ለየው።

«አደይ፣ ይቅርታ…»

«ዝም ብለህ ግባ። ላፕቶፑ ትናንት ሞተ።»

ክው አለ። «ፎቶዎቹስ?»

«ደብተሬን እያየሁ ቀድሜዋለሁ! ሠላሳ አንድ ቤት፣ ሠላሳ አንድ ሲዲ። ሠላሳውን አድርሻለሁ። ይቺን ልወስድ ስነሳ ባለቤቷ በእግሩ መጣ።»

ሲዲው ላይ በአደይ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል፦ «ፍሬወይኒ፣ የልጇ የረዘነ የመዋዕለ ሕፃናት ምርቃት»።

አደይ ሲዲውን ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለው ማጫወቻ ውስጥ ከተቱት።

ቴሌቪዥኑ ላይ ቆቡ ዓይኑን የሸፈነው አንድ ሕፃን ብቅ አለ… አንዲት ሴት ተንበርክካ ቆቡን ታስተካክልለታለች። ትስቃለች።

ፍንጭት ናት።

ረዘነ ሳያውቀው እጁን ወደ ገዛ አፉ ሰደደ። ጓደኞቹ የሚቀልዱበት ያ ፍንጭት ለካ የእናቱ ነው!

«የመጀመሪያ ቀን ስትስቅብኝ ፍንጭትህን አይቼ ነው ያወቅኩህ» አሉት አደይ። «አንተ ብትቀዳው ኖሮ፣ ያ ሁሉ ደንበኛ ቆሞ እናትህ ድንገት ድቅን ትልብህ ነበር። ያን ጊዜ ማን አቅፎህ ታለቅሳለህ?»

አቀፉት። እሱም እንደ ልጅ አለቀሰ።

ወገኖቼ… አንድ ነገር አስተምሩኝ ብሎ ደጃችሁ የቆመን ሽማግሌ አታመናጭቁ። እናንተ ጊዜዬን በላብኝ ስትሉ፣ እሱ የጠፋባችሁን ነገር በነጠላ ጠቅልሎ ይዞላችሁ ይሆናል። ረዘነ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ እንጂ፣ እንደተቆጣ ቢቀር ኖሮ በምን ዓይኑ ያንን ሲዲ ይቀበል ነበር?

እስቲ ንገሩኝ… የእናንተ ሳቅ የማን ነው? ፎቶውስ ዛሬ የት ነው ያለው?