የአሥራ ሰባት ዘር

ሦስቱ ሽማግሌዎች ቁጭ እንኳ ሳይሉ፣ «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን መጥተናል፤ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረናል፣ አይዛመዱም» አሉ። ጡረታ የወጣው የሒሳብ መምህር ሳቀባቸው።

«አያት ቅድመ አያት ያወራውን ይዛችሁ ነው የመጣችሁት? የልጁን የመታወቂያ ቁጥር ወዲህ በሉ!»

ሰጡት፤ 408017221493። መምህሩ መነጽሩን አድርጎ አካፈለና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«በአሥራ ሰባት ያለ ቀሪ ይካፈላል! የልጄም ቁጥር እንደዚሁ ነው። አሥራ ሰባት ደግሞ ከአንድና ከራሱ በቀር በማንም የማይካፈል ንጹሕ ዘር ነው። እህትና ወንድም ልታጋቡ መጣችሁ? አታፍሩም?»

«ኧረ መምህር፣ ቁጥሩን የሰጠው እኮ ኮምፒውተር ነው» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«ታዲያ ኮምፒውተር ዘር ይቀይራል?»

በጓዳው በር ላይ ቆማ ስትሰማ የነበረችው ሚስቱ እልፍነሽ፣ ልጇ ሳታገባ ልትቀርባት መሆኑን ስታይ ከመሳቢያ ሁለት መታወቂያ አውጥታ ፊቱ አስቀመጠች፤ የእሱንና የራሷን።

«እስቲ እነዚህንም አካፍልልኝ፣ አንተ ሰውዬ!»

የራሱን በአሥራ ሰባት አካፈለ፤ ቀሪ የለም። የእሷን አካፈለ፤ አሁንም ቀሪ የለም። ደጋግሞ አካፈለ፤ ያው ነው። በመጨረሻ ተነሥቶ መኝታ ቤት ገባና ትራሱን ታቅፎ ወጣ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ከሚስቱ ትራስ አጠገብ የኖረውን ትራስ ሶፋው ላይ አስቀመጠው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እንግዲህ መምህር፣ ልጅቷን ሰጡን?»

«አትቸኩሉ» አለ ወደ እልፍነሽ ሳያይ። «ከእህቴ ጋር ተመካክሬ አሳውቃችኋለሁ።»