ጉልበት አይጨምርም

«አባባ፣ አይሸወዱ፤ ይሄ ነገር ጉልበት አይጨምርም» አልኳቸው።

ስልሳውን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ወደ ጋራዤ የመጡት በአሮጌ ኮሮላ። በፌስታል ጠቅልለው ያመጡት ግን ጎረምሶች መኪናቸው ላይ የሚያስገጥሙትን፣ ቀዝቃዛ አየር ይስባል የሚባለውን ቱቦና ማጣሪያ ነው። የቱቦው ጫፍ ተጨራምቷል።

«ሻጮቹ የፈረስ ጉልበት ይጨምራል ይላሉ። እኔ ስንቱን ገጥሜ፣ ዳገት ላይ ነድቼ አይቻለሁ፤ ምንም! የሚጨምረው ጩኸት ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜዎ ጩኸት ምን ያደርግልዎታል?»

«ግጠምልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

እየተነጫነጭኩ የተጨራመተውን አቃንቼ ገጠምኩት። ሞተሩን ሳስነሳው እንዳልኩት ሰፈሩን አናጋው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ራሱ ነው» አሉ።

እየነዱ እንዲሞክሩት ብዬ እስከ ቤታቸው አብሬያቸው ሄድኩ። አመሻሽ ላይ ደረስን። በራቸው ላይ ቆመው ነዳጁን ሁለት ጊዜ ረገጥ ረገጥ አደረጉት። በተከፈተው መስኮት የደከመ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«ናሆም ገባ! ተመስገን፣ ልጄ በሰላም ገባልኝ። በሉ መብራቱን አጥፉልኝ፤ አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል።»

አባባ ሞተሩን አጠፉ። መሪውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«እናቱ ሐሙስ ልቧን ኦፕራሲዮን ትሆናለች» አሉኝ በሹክሹክታ። «እስከዚያ መርዶ እንዳትሰማ ሐኪሙ አስጠንቅቆናል። ድንኳኑን የተከልነው ወንድሜ ቤት ነው።»