ከባሕሩ ማዶ የሚወሰድ ስልክ

ሶልፍሪድ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ደፍታ ወደ ዕቃ መረከቢያው ገባችና የተራ ቁጥር የሚሰጠውን ማሽን ተጫነች። አርባ ሰባት። ዞር አለች። ጥግ ካለው ወንበር ላይ አንስጋር ተቀምጧል።

ሰው ጠፍቶ አንስጋር! በዚህ ንፋስ ጀልባ ተሳፍራ በተራሮቹ መሐል የገባውን የባሕር ክንድ፣ ፊዮርዱን፣ አቋርጣ ስቶርቪክ ከተማ ድረስ የመጣችው እኮ እሱን ሽሽት ነው።

መንደራቸው ቪክነስ ውስጥ ስልክ የሚሸጠው አንስጋር ብቻ ነው። በኢንተርኔት የታዘዘ ዕቃ የሚመጣውም እዚያው የእሱ ባንኮኒ ላይ ነው። ከሌላ የገዛኸውን ዕቃ ዓይን ዓይንህን እያየ የሚያስረክብህ፣ ትተኸው የሄድከው ነጋዴ ራሱ ነው። ከባንኮኒው በላይ ደግሞ የሶልፍሪድ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ "ከመንደራችን እንግዛ!" ይላል። የዚህ ዘመቻ ኮሚቴ ሊቀመንበር እሷ ናት። አምና በፖስታ ቦት ጫማ ያስመጣችውን የቄሱን ሚስት በስብሰባ መሐል ያሸማቀቀቻትም እሷው ናት።

ግን ምን ታድርግ? የልጅ ልጆቿ በርገን ከተማ ሆነው እሁድ እሁድ በአይፎናቸው ተሰባስበው ይሳሳቃሉ። የእሷ አንድሮይድ ከዚያ ጨዋታ ውጭ አስቀርቷታል። አንስጋርን "አይፎን አምጣልኝ" ማለት ደግሞ ቄስን ሃይማኖት ልቀይር ነውና ባርከኝ እንደማለት ነው። አሥር ዓመት ሙሉ "የከተሜ ጌጥ" እያለ ሲያጣጥለው የኖረ ሰው! ሦስት ቀን ስታወጣ ስታወርድ ከርማ በኢንተርኔት አዘዘች፤ መረከቢያውንም ባሕር ማዶ አደረገችው።

አብረው ትምህርት ቤት የገቡ ናቸው፤ ቢሆንም ሁለቱም እንዳልተያዩ ሆኑ። በዚህ አገር ወረፋ ላይ የገዛ ወንድምህን ብታገኝ እንኳ ሁለት ወንበር ዘልለህ ነው የምትቀመጠው። ሶልፍሪድ ሦስት ዘለለች። አንስጋር ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጀልባ መነሻ ሰዓት በቃሉ ሊይዘው ይመስል አፈጠጠበት።

"አርባ ስድስት!" አለች ባንኮኒው ጋ ያለችው ሴት።

ማንም አልተነሳም። ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም።

"አርባ ስድስት?"

አንስጋር እግሩን እየጎተተ ሄደ። ሴትዮዋ መታወቂያውን አይታ ሳጥን አመጣችለት። "አይፎን! ጎሽ፣ ጥሩ መርጠዋል!" አለች ጮክ ብላ።

ሶልፍሪድ ጆሮዋን ማመን አቃታት።

"ከቪክነስ ነዎት እንዴ? እዚያ መረከቢያ የለም?"

"አለ።"

"ታዲያ ምነው ይህን ሁሉ መንገድ?"

አንስጋር ጉሮሮውን ጠረገ። "መስተንግዶው ደካማ ነው።"

ሶልፍሪድ ሳቋን ልትውጠው ሞከረች፤ በአፍንጫዋ አመለጣት። አንስጋር ዞሮ ሲያያት እስከ አንገቱ ቀላ።

"ለጥናት ነው" አለ። "ጠላትን ማወቅ ጥሩ ነው።"

"ይሁና! ሚስትህስ ታውቃለች?"

"እንዳትነግሪያት! የሚመጣውን ዕቃ ተቀብላ የምትደረድረው እሷ አይደለች? ሳጥኑን ብታየው እስከ ማታ መንደሩ በሙሉ ይሰማ ነበር።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የልጄ ልጅ መዳህ ጀምሯል። ዘመድ ሁሉ በስልኩ ያየዋል፤ እኔ በሦስተኛው ቀን ነው የምሰማው። አንቺስ ታዲያ፣ ሊቀመንበሯ?"

"ዝም በል።"

"እናንተ ቪክነሶች ግን ምን ነካችሁ?" አለች ሴትዮዋ። "ይሄ መደርደሪያ እንዳለ የእናንተ ነው እኮ። መንደራችሁ ሱቅ የለውም?"

ሁለቱም ቀና አሉ። ሳጥኖቹ ላይ ስም ተለጥፏል። የመምህሩ። የአናጢው። የቄሱ ሚስት፣ እንደገና። ሶልፍሪድ አንድ በአንድ አነበበች፤ የኮሚቴዋ አባላት ስም ዝርዝር ነው። የጎደለው ገንዘብ ያዡ ብቻ ነው፤ እሱም ትናንት ወስዶ ይሆናል።

አንስጋር ስሞቹን ደግሞ ቆጠራቸው። "እኔ እኮ ሰው መግዛት ያቆመ መስሎኝ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ኑሮ ተወዶ ነው እያልኩ። ሱቁን በጥር ልዘጋው ነበር።"

ሶልፍሪድ ወደ እሱ ዞረች። "ፈርተውን ነዋ፣ አንተ ሰው! አንተ የሚፈልጉትን አታመጣላቸውም፤ እኔ ደግሞ ከሌላ ሲገዙ አዋርዳቸዋለሁ። የት ይግቡ?"

"አርባ ሰባት!"

ሳጥኗን ተቀብላ በእጇ መዘነችው። የእሁዱ ሳቅ በሙሉ እዚህች ውስጥ ነው ያለው። ጨክና መልሳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

"ይመለስልኝ።"

"አብደሻል?" አለ አንስጋር። "እኔ ጋ የለም እኮ!"

"ታስመጣለህ። ፎቶዬ ሥር ታስቀምጠዋለህ፤ እኔም ሰው እያየኝ እገዛዋለሁ።"

"ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ዋጋውም ይጨምራል።"

"መች ጠየቅኩህ?"

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። "ዕቃ ለመመለስ ሌላ ቁጥር ነው የሚያዘው።"

"ሌላ ሰው የለም እኮ!"

"ቁጥር፣ እመቤቴ።"

ሶልፍሪድ ወደ ማሽኑ ሄደች። እዚህ አገር ቁጥር ያልያዘ ሰው ከሰው አይቆጠርም። አርባ ስምንትን ይዛ ተቀመጠች። ውጭ ጀልባው ጥሩምባውን ነፋ፤ ካመለጣት ቀጣዩን አንድ ሰዓት ተኩል ልትጠብቅ ነው።

አንስጋር በሩ ጋ ደርሷል። እጀታውን እንደያዘ ቆመና ሳጥኑን አየው። ከዚያ ተመልሶ ማሽኑን ተጫነ። አርባ ዘጠኝ።

ክፍሉ ውስጥ ዘጠኝ ባዶ ወንበሮች ነበሩ። እሱ ግን መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ።