የጥበብ ቤቱ አውጫጭኝ

መምህር ደርበው ውቤ ከደብረ ማርቆስ ሲመጣ ዳንግላን በሁለት ዓመት ውስጥ አሠልጥኖ ሊመለስ ነበር ያሰበው። ይኸው አራተኛ ዓመቱን ይዟል።

ከገበያው በላይ ሁለት የድንጋይ ቤቶች አሉ። አንዱ የድሮ ገዢዎች ያስችሉበት የነበረ አዳራሽ ነው፤ ሁለተኛው ጣሊያን ለበቅሎዎቹ የሠራው ጋጣ። ደርበው እነዚህን ቤቶች የጥበብ ቤት አደርጋለሁ ብሎ ተነሣ። በአዳራሹ ትያትርና ማሲንቆ፣ በጋጣው ሽመናና የቀርከሃ ሥራ እንዲሆን። አገሬው ሐሳቡን አልጠላውም። እንጨት ያመጣ አለ፣ ግድግዳ የመረገ አለ። በቀርከሃ ሥራ የታወቁት ወይዘሮ ሙሉነሽ የአዳራሹን ኮርኒስ በገዛ እጃቸው ሠርተው ሰጡት። በግልጽ የተቃወመው የእህል ነጋዴው አቶ ሽባባው ብቻ ነበር። ቤቶቹን ለእህል ማከማቻ ይፈልጋቸዋል፤ ይህንንም አልደበቀም።

«ዘፈን በምን ቁና ይሰፈራል?» ብሎ ገበያ መሐል አስቆበታል።

በ1952 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ምረቃው ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ደርበው ሰኞ ጠዋት ቢመጣ የአዳራሹ ጣሪያ የለም። አርባ ቆርቆሮ ተነቅሎ ሄዷል። እሑድ በሩን ቆልፎ የወጣው ራሱ ነው፤ ቁልፉም ከኪሱ አልወጣም።

ማን እንደሠራው ለመገመት ጊዜ አላጠፋም። የጎደለው ማስረጃ ነው። ስለዚህ አውጫጭኝ ይጠራልኝ ብሎ ለአውራጃው አመለከተ፤ ተፈቀደለት።

አውጫጭኝ ሲጠራ የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ እየማለ ወደ ሦስት ሽማግሌዎች ይቀርብና የሚያውቀውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። ማን እንደተናገረ አይገለጥም፤ ሽማግሌዎቹ «ወፍ ነገረችን» ብቻ ነው የሚሉት። ነገሩን የሚመራው ዳኛ ካልፈቀደ በቀር፣ የጥፋተኛው ስም ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

በመጀመሪያው ቀን መቶ አሥራ ሁለት ሰው ማለ። መቶ አሥራ ሁለቱም አላየሁም፣ አልሰማሁም አለ። የዳኛው ጸሐፊ ታሞ ስለነበር መዝገቡን የያዘው ደርበው ነው፤ «አላየሁም» የሚለውን ቃል ሲጽፍ እጁ ዛለ።

በሁለተኛው ቀንም ያው ሆነ። ሰው የያዘው ቆሎ አለቀ። በጫግኒ በኩል ደመና መጥቆር ጀመረ። ጤፉ ታጭዶ ገና አልተከመረም።

ዳኛው፣ ግራዝማች ስማቸው፣ ደርበውን ጠሩት። «ሰዉ እህሉን ያስገባና ከሳምንት በኋላ እንሰብስበው።»

ደርበው ከአውራጃው የመጣውን የፈቃድ ደብዳቤ አወጣ። «ስም ሳይወጣ ሰው እንዳይበተን ይላል፣ ግራዝማች።»

«እንዲህ ብለው እንዲጽፉ የለመንካቸው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ። ዛሬ ከተበተነ ደግሞ አይሰበሰብም።»

ግራዝማች ስማቸው ወደ ደመናው አይተው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ደርበው በግኗል። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል አንድ ደፋር ይጥፋ? ሰዉ በአገውኛ ያወራል፤ ደርበው በአራት ዓመት ከሰላምታ ያለፈ አገውኛ አልለመደም። ጠጋ ሲል ወሬው ይቋረጣል። ግማሹ አገር እህሉን የሚሸጠው ለሽባባው ነው፤ እሱን ፈርተው ነው አለ በልቡ። ሽባባው ደግሞ ጋቢውን ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ከማንም ጋር አያወራም።

ወደ ማታ ወይዘሮ ሙሉነሽ መጡ።

«መምህር፣ ሰዉን ይልቀቁት። ዝናቡ ደረሰ።»

«ስሙን ይናገሩና ይሂዱ። እኔ መች ያዝኳቸው?»

«የማያውቁትን ከየት ያምጡት?»

«ያውቃሉ፣ እትዬ ሙሉነሽ። እርስዎም ያውቃሉ። አንድ ስም ነው የቸገረኝ፤ አንድ ስም ከወጣ አሁኑኑ ሁሉም ቤቱ ይገባል።»

ወይዘሮ ሙሉነሽ ትንሽ አዩት። «ማንም ይሁን ማን?»

«ማንም ይሁን ማን። አልምርም።»

ወደ ሴቶቹ ተመለሱ። ትንሽ ቆይቶ ሴቶቹ ወደ ወንዶቹ ሄዱ። ደርበው ከሩቅ አያቸው፤ በመጨረሻ መመካከር በመጀመራቸው ደስ አለው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማካፋት ጀመረ። ሰዉ ማንም ሳይጠራው ተሰለፈ። እንደ ሌላው ቀን የሚያመነታ አልነበረም፤ እየማለ ይጎነበሳል፣ አንዲት ነገር ይላል፣ ዱላውን አንሥቶ ይቆማል። አህያውን የጫነም ነበር። የደርበው ልብ በደስታ ይመታ ጀመር። ወይዘሮ ሙሉነሽ ተራቸው ደርሶ ተናገሩና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው፣ ሳያዩት በአጠገቡ አለፉ። ሽባባውን ቢፈሩ አይፈረድባቸውም አለ ደርበው በልቡ።

ሽባባው የቀረበው በመጨረሻ ነው። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ቆየ። ደጋግመው ጠየቁት፤ ደጋግሞ ራሱን ነቀነቀ። ሲመለስ ደርበውን ቀጥ ብሎ አየው። ደርበውም አፍጥጦ አየው።

ሽማግሌዎቹ ወደ ዳኛው መጡ። ቃል የሚያሰሙት አባ ገብረ ማርያም ነበሩ።

«ወፍ ነገረችን» አሉ።

«በስንት ሰው ቃል?» ሲሉ ዳኛው ጠየቁ።

«ከአንዱ በቀር በሁሉም። አንዱ ብቻ ዛሬም ምንም አላየሁም ብሏል።»

ደርበው ያ አንዱ ማን እንደሆነ ለማወቅ ወፍ አላስፈለገውም። ሌባ መቼም አየሁ አይል። ብዕሩን ቀለም ነከረና አዲስ ገጽ ገለጠ።

«የሌሎቹ ቃል አይለያይም?» አሉ ግራዝማች።

«አይለያይም። ሁሉም የጠሩት አንድ ሰው ነው።»

አባ ገብረ ማርያም ጎንበስ ብለው በግራዝማች ስማቸው ጆሮ ተናገሩ። ግራዝማች ወደ ደርበው ዞሩ። ዝናቡ እየበረታ ነበር፤ ሰዉ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ጻፍ» አሉት።

ደርበው «በአውጫጭኙ ስሙ የወጣው ሌባ» ብሎ በቁም ጽሕፈት ጻፈና ቀና አለ።

«ደርበው ውቤ» አሉ ግራዝማች፣ «ከደብረ ማርቆስ የመጣው አስተማሪ።»