ሽማግሌው ሲነሳ ቋ ይላል

«አባዬ፣ ቋ የሚለው ሲነሳ ብቻ ነው ወይስ ማርሽ ሲቀየርም?»

ገበየሁ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሀል አጣብቆ ነው የሚያወራው። እጁ በግራሶ ተለውሷል።

መገናኛ አካባቢ ጋራዥ አለው... ሥራው ደግሞ እንደ ጉድ ነው።

«ሲነሳ ነው» አሉ አባቱ ከእንጦጦ። «አንዴ ከተነሳ በኋላ ደህና ነው... ትንሽ ትንሽ ይሄዳል።»

«ሽማግሌው» የሚባለው የአባባ ወልደሰንበት አሮጌ ፒካፕ ነው። ገበየሁን በዕድሜ ይበልጠዋል። ከእንጦጦ አጣና እያወረዱበት ልጃቸውን አሳድገውበታል።

አባትና ልጅ «እወድሃለሁ» ተባብለው አያውቁም... ጨዋታቸውም ኩርፊያቸውም በመኪና ነው።

እናቱ ያረፈች ቀን እንኳ አባባ ወልደሰንበት የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ልጄ... እንግዲህ በሦስት ጎማ መሄዳችን ነው።»

ያኔ ገበየሁ ወዲያው ገብቶት ነበር። አቅፏቸው አለቀሰ።

ወደ ስልኩ እንመለስ...

ሲነሳ ቋ የሚል ፒካፕ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ክሮቸራው ነው። ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማ በሚሄደው ረጅም ብረት ላይ ያለችው መጋጠሚያ ማለት ነው።

«ክሮቸራውን እኮ ለፋሲካ በአዲስ ቀየርኩት!» አለ ገበየሁ። «መንቀጥቀጥስ አለው? ሲፈጥን ነው?»

አባባ ወልደሰንበት ሳቅ አሉ።

«ኧረ ከየት አምጥቶ ይፈጥናል! ቆሞም ይንቀጠቀጣል።»

እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ...

ክሮቸራ መኪናው ሲሄድ እንጂ ቆሞ አያንቀጠቅጥም። ይሄን ጋራዥ ገብቶ ሳምንት ያልሞላው ሰው እንኳ ያውቀዋል። ገበየሁማ እንዴት አያውቅ!

ግን በር ላይ አንድ ደንበኛ ክላክስ እየነፋ ነበር።

«እንግዲያው የሞተር መቀመጫ ጎማው ይሆናል» አለ ቶሎ ብሎ። «እርጅና ነው አባዬ።»

«እርጅና ነው...» አሉ። ቀጥለውም «መድኃኒት ይኖረው ይሆን?» ብለው ጠየቁ።

«እንዴት አይኖረውም! ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ። እስከዛ እንዳይነሳ። ባለበት ይቆይ።»

«እሺ ልጄ... አይነሳም።»

ቅዳሜ ደረሰ። ጋራዡ ውስጥ አምስት መኪና ተደርድሯል።

«አባዬ ይቅርታ፣ ሥራ ያዘኝ። ሽማግሌው እንዴት ነው?»

«አለ... እየጠበቀህ ነው።»

የሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ። ገበየሁ ሳይመጣ እሱም አለፈ። ከመገናኛ እንጦጦ ስንት ሰዓት ይፈጃል? እናንተው ፍረዱ።

ሐሙስ ጠዋት የአባቱ ጎረቤት እትዬ አስረሳሽ ደወሉ።

«ገበየሁ... ቶሎ ድረስ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ሲደርስ ግቢው ውስጥ ድንኳን እየተተከለ ነበር።

አባባ ወልደሰንበት እንጦጦ ማርያም ተቀበሩ። በሣልስቱ፣ ለቀስተኛው ቀለል ሲል፣ ገበየሁ ጃኬቱን አውልቆ ፒካፑ ሥር ገባ።

«ቃል ገብቼላቸው ነበር» አለ ለራሱ። ሌላ ምን ያድርግ? እጁ የሚያውቀው ይሄንኑ ነው።

ለፋሲካ ክሮቸራውን ሲቀይር ብሎኖቹ ላይ በቀይ ጥፍር ቀለም መስመር አስምሮ ነበር። ብሎኑ ከላላ መስመሩ ይሰበራል። ይሄንን ዘዴ ያስተማሩት አባቱ ናቸው።

መስመሮቹ አልተሰበሩም።

የሞተሩን ጎማዎች አየ... ደህና ናቸው።

አስነስቶ ወደ ማርያም የሚወስደውን ዳገት ወጣበት። ቋ የለም። መንቀጥቀጥ የለም። ሽማግሌው ዳገቱን ቀጥ አድርጎ ወጣው።

ግራ ገብቶት ተመለሰ።

«እትዬ አስረሳሽ፣ አባዬ መኪናውን መጨረሻ የነዱት መቼ ነው?»

«የምን መንዳት! ከፍልሰታ ወዲህ ቁልፉ ከምስማሩ ላይ ወርዶ አያውቅም።»

«ታዲያ ሲነሳ ቋ ይላል ያሉኝ...»

እትዬ አስረሳሽ ትኩር ብለው አዩት።

«ጉልበታቸው ነዋ ልጄ! ከአልጋ ሲነሱ ቋ ሲል እኔ በር ላይ ሆኜ እሰማው ነበር። ቆመው ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል። ቤተ ክርስቲያን መሳም እንኳ አቅቷቸው ነበር።»

ገበየሁ በእጁ የያዘውን የመኪናውን ቁልፍ አየ።

«ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ለመንኳቸው» አሉ እትዬ አስረሳሽ። «እምቢ አሉኝ። ‹ለልጄ ነግሬዋለሁ፣ ገብቶታል። ቅዳሜ መጥቶ ያየኛል። እስከዛ እንዳይነሳ ብሏል› አሉኝ።»

«እንዳይነሳ...» አለ ገበየሁ።

«አዎ፣ እሺ ብለው አልተነሱም። ሁለቱንም ቅዳሜ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሺኝ ይሉኛል። አልብሳቸዋለሁ። አልጋቸው ላይ ሆነው በሩን ሲያዩ ይውላሉ።»

ገበየሁ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ።

«አለ... እየጠበቀህ ነው» ያሉት አሁን ገባው። ምን ያደርጋል!

ወዳጆቼ... አባቶቻችን «አመመኝ» ለማለት ያፍራሉ። ስለ መኪናው፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ አጥሩ እያወሩ ስለ ራሳቸው ይነግሩናል። ሲደውሉ ዕቃውን ለመጠገን አትቸኩሉ። መጀመሪያ «እርስዎስ እንዴት ነዎት?» በሉ። ቅዳሜ እመጣለሁ ካላችሁ ደግሞ ቅዳሜ ሂዱ።

እስቲ ንገሩኝ... የእናንተ አባት ወይም እናት ሲያማቸው በምን አሳበው ነው የሚነግሯችሁ? መጨረሻ የደወላችሁላቸውስ መቼ ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ግን መጀመሪያ ደውሉ።