በሳምንት ሁለቴ የሚመጡት መምህር

ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ደም ግፊት እንዳለባቸው ከተነገራቸው ወዲህ ስትሮክን ሳይጠብቁ የዋሉበት ቀን የለም። ጠዋት መስታወት ፊት ቆመው ፈገግ ይላሉ፤ አፋቸው እንዳልተጣመመ ካዩ በኋላ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አንዱ ዝቅ እንዳላለ ያረጋግጣሉ። እንዲያም ሆኖ በሳምንት ሁለቴ ወደ ጤና ጣቢያ ይሮጣሉ።

"ጋሼ፣ ዛሬስ በየት በኩል መጣብዎት?" አለቻቸው ነርሷ ሲስተር ውድነሽ።

"በግራ። አምስት ጊዜ ሞቼ አምስቱንም ጊዜ በእግሬ ነው ቤቴ የገባሁት" አሉ በራሳቸው እየሳቁ።

እሷም ሳቀች፤ የሳቀው ግን ግማሽ ፊቷ ብቻ ነበር። የግፊት መለኪያው ከቀኝ እጇ ወደቀ፤ ልትናገር ስትሞክርም ምላሷ ተሳሰረ።

መምህሩ ሰዓታቸውን አዩና "ስትሮክ ነው! አምቡላንስ ጥሩ!" ብለው ጮኹ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ።

"እኔን አይደለም፣ እሷን ነው!" ሲሉ ሳቁ ቆመ።

ሆስፒታል የተቀበላቸው ሐኪም መቼ እንደጀመራት ጠየቀ።

"ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ።"

"በጊዜ ነው ያደረሷት፤ መድኃኒቱ ይደርስላታል" አለ ሐኪሙ በመገረም እያያቸው። "እርስዎም የጤና ባለሙያ ነዎት?"

"የለም ልጄ" አሉ መምህሩ፤ "ፈሪ ነኝ።"