ወንዙ ከላይ የሆነበት ካርታ

«እናቴ፣ ወፍጮው እዚህ መቆም አይችልም» አለኝ የማዘጋጃ ቤቱ ልጅ። ቀይ ቀለም የተነከረ ብሩሽ ይዟል፤ ዓይኑ ምርጊቱ ገና ያልደረቀው ግድግዳዬ ላይ ነው።

«እዚህ አምጪው ያላችሁኝ እናንተ አይደላችሁም?»

«ከመንገዱ በታች መኖሪያ ብቻ ነው። ንግድና ወፍጮ ከመንገዱ በላይ።»

ደሜ ፈላ። ባለፈው ክረምት አዲሱን የከተማ ካርታ ባሳዩን ስብሰባ ላይ የነገሩን ተቃራኒውን ነው። ሦስት ልጆች የማሳድግበትን ወፍጮ ከላይኛው ግቢ ነቅዬ፣ ሞተሩን በሰው ትከሻ አስወርጄ፣ አዲስ መሠረት አስቆፍሬ እዚህ ተከልኩት። አሁን ደግሞ መልሺው ይለኛል፣ አፉን ሞልቶ።

«እስቲ ካርታህን አምጣ።»

መሬት ላይ ዘረጋው። አየሁት፤ አላወቅሁትም። በወዲያኛው በኩል ዞሬ ሳየው ግን ያው የስብሰባው ካርታ ነው።

«ሰብሳቢያችሁ ገልብጦ ነው እንዴ የሰቀለው?»

ልጁ ማጅራቱን አከከ። «ሳይሆን አይቀርም። ግን እናንተስ ወንዙ ከላይ ሆኖ እንዴት ዝም አላችሁ?»

አይተናል እንጂ። ጽሑፉ ከኋላ ወንበር ቁንጫ ነበር የሚመስለው፣ ወንዙ ግን ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ከከተማችን ግርጌ እንደሚወርድ የማያውቅ በአዳራሹ አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጠው የባሌ ወንድም፣ አናጢው፣ «ወንዙንም ሊያዛውሩት ነው መሰለኝ» አለኝ በጆሮዬ። ሳቅን፤ ከዚያ ከሰው ጋር አብረን አጨበጨብን።

ከመንገዱ በላይ መዶሻ ይሰማል። እሱ ነው። እዚህ ታች የነበረውን፣ የተወለደበትን ቤት፣ በገዛ እጁ አፍርሶ ላይ አዲስ እየሠራ ነው።

ልጁም ሰማው መሰለኝ ካርታውን ቶሎ ቶሎ ጠቀለለ። «መኖሪያ እዚያ ላይ እንደማይፈቀድ ለእሳቸው እንኳ እርስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል። ቤተሰብ ነዎት።»

«ደሞዙን የምትበላው አንተ፣ መርዶ ነጋሪዋ እኔ?» አልኩት። ትቼው እየተንጨረጨርኩ ዳገቱን ወጣሁ።

አናጢው ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ ምስማር በከንፈሩ ይዟል። ሲያየኝ ምስማሩን ወደ መዳፉ አወጣና ፊቱ በራ።

«እንኳን መጣሽ። እስቲ ከታች ሆነሽ እይልኝ፣ ክዳኑ ቀጥ ብሏል?»

አንጋጥጬ አየሁት።

«ቀጥ ብሏል» አልኩት።